አባባ ከሞቱ በኋላ ግብር ያሳወቁበት ማክሰኞ

ይድረስ ለታላቅ እህቴ ለእታለም፤

እንደምን ከረምሽ እታለሜ? ደረጃ ስትወጪ የሚይዝሽ ጉልበትሽ ተሻለው ወይ? ባለቤትሽስ ያ የብርድ ሳላቸው ለቀቃቸው? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? ትንሿ የወለቀው ጥርሷ በቀለላት ወይስ አሁንም ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች? አማትሽንስ እንቅልፍ ይወስዳቸው ጀመር? እያንዳንዱን በየተራው መልሺልኝ። በስልክ «ሁላችንም ደህና ነን» ስትዪኝ ማን ደህና እንደሆነ ማን እንዳልሆነ አይገባኝም። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ግፊቴ አልፎ አልፎ ብድግ ይላል፤ ምክንያቱን ከታች ታነቢዋለሽ። በስልክ እንዳልነግርሽ «ይሰማሻል? ይሰማሻል?» ስንባባል ደቂቃው ያልቃል። አሁን የልብስ ሰፊው ልጅ ለሁለት ሳምንት ሥልጠና እናንተ ጋ ስለምትመጣ በእጇ ሰደድኩልሽ። ከደብዳቤው ጋር አንድ ሌላ የታጠፈ ወረቀት አለ፤ እሱን መጨረሻ ላይ ነው የምታዪው፣ አሁን እንዳትገልጪው። አውቅሻለሁ፣ ገልጠሽዋል።

ከሁሉ በፊት የጎረቤታችንን የእትዬ ታክታክን ነገር ልንገርሽ። ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶት ሰው በድምፅ ብቻ መለየት ጀምረው ነበር፤ በዚህ ወር መጀመሪያ ሐኪም ቤት ገብተው የቀኙ ተገፈፈላቸው። እስኪድን ታሽጎ ነው የሰነበተው። ግራው ገና ስለሆነ በሱ የሚታያቸው ጉም ብቻ ነው። ልጃቸው መንታ ወልዳ መምጣት አልቻለችም፤ በየቀኑ እየደወለች ታለቅሳለች፣ እሳቸው ደግሞ ሐኪሙ «አይጎንበሱ፣ አያልቅሱ» ስላላቸው «አንቺው ለሁለታችንም አልቅሺ» ይሏታል። ጡረተኛው ሹፌር ባላቸው ሾርባ ይሠሩላቸዋል። ሾርባው ምን እንደሚመስል እንዳልነግርሽ ሰውየውን እወዳቸዋለሁ። እትዬ ታክታክ አንድ ቀን ማንኪያውን አስቀምጠው «ሐኪሙ ዓይኔን ነው ያሸገው፣ ምላሴን አላሸገውም እኮ» ሲሏቸው ሰምቼ ግድግዳውን ይዤ ሳቅሁ። ታስታውሻለሽ አይደል፣ ልጆች ሳለን የጽሕፈት መኪናቸው ድምፅ ከግድግዳው ማዶ እየመጣ እንቅልፍ ይወስደን ነበር፤ ስሙንም ያወጣሽላቸው አንቺ ነሽ። ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና ድርጅት ታይፒስት ሆነው ሠርተው ጡረታ ወጡ። የሳቸውን ነገር ያስቀደምኩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ እንደምታዪው የጠየቅሽኝ ጥያቄ መልስ እሳቸው ጋ ነው ያለው።

አንቺ ባለፈው «የትኛውን ሶፍትዌር መረጥሽ? ውዱ ይሻላል ካልሽ ገንዘቡን እኔ እልካለሁ፤ ካልሆነም ተይው፣ ጠረጴዛውን ሽጪና እኔ ጋ መጥተሽ ዕረፊ» ብለሽኛል። እንዲህ ያለች እህት ስላለችኝ ደስ ብሎኝ ሁለት ቀን ስንቀባረር ከረምኩ። ግን ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ ነውና ከሥሩ ልጀምርልሽ።

ግብር ቢሮው በሩ ላይ ማስታወቂያ ለጠፈ። ከዚህ ዓመት ጀምሮ በእጅ የተሞላ ቅጽ አንቀበልም፤ ለሰው ግብር የሚያሳውቅ ሁሉ በተፈቀደ ሶፍትዌር ሞልቶ በኮምፒውተር ይላክ ይላል። ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ ሦስቱም ጊዜ ያው ነው። አባባ በዚያ ጠረጴዛ ላይ የሰው ግብር ቅጽ በካርቦን እየሞሉ ሁለታችንን አሳደጉን፣ እኔም ከሳቸው ተምሬ ፈቃዴን አውጥቼ ሦስት ዓመት ብቻዬን ሠራሁበት። አርባ አንድ ሰው አለኝ። ጸጉር አስተካካዩ፣ ልብስ ሰፊው፣ ጎሚስታው፣ እንቁላል ሻጯ፣ ወንበር አከራይዋ፣ ሁሉም ደረሰኛቸው በየከረጢታቸው ነው። ከረጢቶቹን ልብስ ሰፊው ከቁርጥራጭ ጨርቅ ነው የሰፋልኝ፤ የጎሚስታው ጥቁር ነው ምክንያቱም ሌላ ቀለም እሱ እጅ ውስጥ ጥቁር ይሆናል። ይሄ ነገር ካቃተኝ እነዚህ ሰዎች የሚሄዱት መስታወት ለበስ ፎቅ ላይ ወዳሉት ነው፤ እነሱ ሦስት እጥፍ ያስከፍሏቸዋል፣ ጎሚስታው ደረሰኙን ቆቡ ውስጥ እንደሚረሳም አያውቁም። እኔም እጄን አጣጥፌ ቁጭ ነው። በሃምሳ ሦስት ዓመቴ ሌላ ምን ሥራ ልልመድ? ከማስታወቂያው በኋላ ሰው በመንገድ ሲያገኘኝ ሰላምታውን ሳይጨርስ «ታዲያ እኛስ?» ይለኝ ጀመር።

መጀመሪያ ባለ ከረባቱ መጣ። የትልቁ ሶፍትዌር ሻጭ ነው፤ ጫማው ከመስተዋቴ የበለጠ ፊት ያሳያል። ገና ሳይቀመጥ «እማማ» አለኝ፤ በሱ ቤት ማክበሩ ነው። «እማማ፣ ይሄ ሶፍትዌር ራሱ ያስባል፤ እርስዎ ቁጭ ብለው ማየት ብቻ ነው» አለኝ። «ልጄ፣ ቁጭ ብዬ ማየቱን መቼ አጣሁት፣ ሰው የሚከፍለኝ እንዳስብለት ነው» አልኩት። እውነቱን ልናገርና ሶፍትዌሩ ያምራል። ቀለሙ፣ ክብ ክብ ሥዕሉ፣ ሲያሰላ የሚሽከረከረው ነገር፣ ሰርግ ቤት የገባሽ ነው የሚመስልሽ። ግን ብትሠሪም ባትሠሪም በየዓመቱ ይከፈልበታል፤ ዋጋውም ጠረጴዛዬ በዓመት ከሚያስገባልኝ ግማሹ ነው። ደግሞ ኢንተርኔት ባለበት ቦታና ሰዓት ብቻ ነው የሚሠራው፤ የኛን ሰፈር መስመር ታውቂዋለሽ፣ ደመና ባየ ቁጥር ነው የሚጠፋው። ሦስት መቶ ደንበኛ ላለው ቢሮ የተሰፋ ድንኳን ነው፤ እኔ በአርባ አንድ ሰው ምን ሆኜ ልሙላው? ብቻ አንቺ በሰደድሽልኝ በመሀለኛው ላፕቶፕ ለአንድ ሳምንት በነጻ ልሞክረው ብዬ አስቀረሁት።

ቀጥሎ ባለ ፎቶኮፒው ሰማና ፍላሽ ይዞልኝ መጣ። «ለእህቴ ብዬ ነው፤ ያንኑ ዓይነት ነው፣ ከአንዱ ወዳጄ ገለበጥኩት፣ ማንም አያውቅም፣ በነጻ» አለኝ። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ! እኔም ሳሩን አይቼ ጫንኩት። የጸጉር አስተካካዩን የዓመት ገቢና ወጪ አስገባሁበትና ግብሩን አወጣልኝ። አባባ «አንድ ጊዜ ከላይ ወደ ታች፣ አንድ ጊዜ ከታች ወደ ላይ» ይሉን አልነበር? ያንን ልማዴን ትቼ አላውቅምና በእርሳስ ከላይም ከታችም ሠራሁት፤ አልገናኝ አለኝ። የራሴን ስህተት ፍለጋ ግማሽ ቀን ፈጀሁ። ለካ ሶፍትዌሩ የሚያሰላው ከሁለት ዓመት በፊት በነበረው የግብር መጠን ነው፤ የተሰረቀ ነገር ማን ያድሰዋል? ለባለ ፎቶኮፒው ስነግረው «ታዲያ አሳነሰለት እንጂ አላበዛበት፣ ሰውዬው ደስ ይለዋል» አለኝ። «ደስታው የቅጣቱ ደብዳቤ እስኪደርሰው ነው» ብዬ ፍላሹን መለስኩለት። አኮረፈ፤ ሁለት ቀን ሰላምታውን በቅንድቡ ብቻ ሰጠኝ።

ሦስተኛውን የነገረችኝ እንቁላል ሻጯ ናት፤ ከምታስረክብበት ሱቅ አይታው። ይሄኛው ሥዕል የለው ቀለም የለው፣ ግራጫ መደብ ላይ ጥቁር ፊደል ብቻ ነው፤ ስከፍተው የተበላሸ መስሎኝ ዘጋሁት። ቁጥሩ ላይ ስደውል የሠራችው ሴትዮ ራሷ አነሳች፤ ከኋላዋ ሕፃን ያለቅሳል። «ለምንድነው እንዲህ ፊቱ የጠቆረው?» አልኳት። «ባሳምረው ዋጋውንም አሳምሬ መጨመሬ ነው እህቴ» አለችኝ። እህቴ አለችኝ፣ ልብ በይ። የሚከፈለው በዓመት ሳይሆን በተላከው ቅጽ ልክ ነው፤ አንድ ሰው ላክሽ የአንድ ሰው፣ አልላክሽ ምንም። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ነጻ ናቸው። ያለ ኢንተርኔት ይሞላል፣ መስመር ሲመጣ ይላካል። ቢሮው የግብር መጠን በቀየረ በሳምንቱ እሷም ታድሰዋለች። አላመንኳትም፤ የጸጉር አስተካካዩን በሱም ሞከርኩት፤ ከላይ ወደ ታችም ከታች ወደ ላይም ልክ መጣ። «ተለማመጂበት፣ እስክትልኪው ድረስ ምንም አይሆንም» አለችኝ። ይቺን ቃሏን ያዢልኝ።

እንግዲህ ችግሩ እኔው ነኝ። በአንድ ጣት ነው የምጽፈው፤ ፊደሉን ፈልጌ፣ አይቼ፣ ተንፍሼ፣ ነካ። አንድ ቅጽ ከጠዋት እስከ ምሳ ሰዓት ይወስድብኛል፤ አርባ አንዱን ሳስብ ላብ ያጠምቀኛል። አንድ ረፋድ እንደዚያ ስለቅም እትዬ ታክታክ ግድግዳውን እየዳሰሱ፣ አንድ ዓይናቸው እንደታሸገ፣ በሬ ላይ ደረሱ። «ማነው ኪቦርድ ላይ ዶሮ የለቀቀው? ከማዶ ሆኜ ራሴን አሳመመችኝ» አሉ። ወንበር ሳብኩላቸው። እጃቸውን ዘረጉና ሁለቱ የጣት ማረፊያ ቁልፎች ላይ ያለችውን ትንሽ እብጠት በሌባ ጣታቸው ዳሰሱ፤ ከዚያ ቀና አሉ፣ ትከሻቸው ሰፋ፣ ልክ ያኔ በመስኮት እንደምናያቸው ሆኑ። «አንብቢ» አሉኝ። ሳነብላቸው ያ ድምፅ መጣ እታለም። ቁልፉ ለስላሳ ስለሆነ ታክ ታክ አይልም፤ ጠሽ ጠሽ ነው የሚለው፤ ግን ያው እጅ ነው። ጸጉር አስተካካዩን ሻይ እስኪፈላ ጨረሱት።

የባለ ከረባቱንም ሞከርነው፤ ፍርድ እንዳይጓደል ብዬ ነው። አልሆነም። በሱ ሁሉ ነገር ማውስ ይፈልጋል፤ ቀስቷን ወደ ሰማያዊው ሳጥን ውሰድ፣ ክቧን ንካ፣ ሥዕሉን ሳብ፤ ዓይን የሌለው ሰው በምን ይሳበው? እትዬ ታክታክ ማውሱን አገላብጠው «ይሄ ለዓይን የተሠራ ነው፣ እኔ ያለኝ ጣት ነው» ብለው ወደ ጎን ገፉት። ግራጫው ግን ከሣጥን ወደ ሣጥን በአንዲት ቁልፍ ይዘለላል። እኔ ዓይን ሆንኩ እሳቸው ጣት ሆኑ። ሁለት አሮጊት ተደምረን አንድ ጸሐፊ ወጣን። የሚገኘውን እኩል እንካፈል ስላቸው «ሾርባ የሚሠራልኝ ሰው ልቅጠርበት» አሉ። እንግዲህ የመረጥኩት ይሄንን ነው፤ ገንዘብሽን ያልፈለግሁትም ኮርቼ እንዳይመስልሽ፤ ውዱ ለኛ እጅ አይሆንም።

አሁን ጉዴን ስሚ። ማክሰኞ ዕለት ሙሉውን ቅጽ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው እንለማመድ አልን። በሕያው ሰው ስም መለማመዱ ደስ አላለኝም፤ ቢበላሽ የሰው መተዳደሪያ ነው። ስለዚህ ቀና ብዬ የአባባን ከረጢት ከምስማሩ አወረድኩ። ሰማያዊውን። አዎ፣ እስከ ዛሬ እዚያው ነው የተሰቀለው። ውስጡ የመጨረሻው ዓመት መዝገባቸውና የግብር ከፋይ ቁጥራቸው የተጻፈበት ካርድ አለ። ቁጥሩን ሳነብ ድምፄ ትንሽ ስንጥቅ አለ፤ እትዬ ታክታክ እንዳልሰሙ ሆነው መቱት። እንዲህ እያልን መጨረሻው ገጽ ደረስን። የመጨረሻውን ቁጥር አነበብኩ። ከሥሩ «ይላክ?» የሚል ጽሑፍ ብቅ አለ፤ «ተዉት፣ እዚህ ላይ ይበቃናል» ልል አፌን ስከፍት፣ መስመር ባለቀ ቁጥር የጽሕፈት መኪናውን እጀታ ገፍቶ ወደ አዲስ መስመር መሄድ ሠላሳ ዓመት የለመደው የእትዬ ታክታክ እጅ በትንሿ ጣት ትልቋን የመስመር ማውረጃ ቁልፍ ጠሽ አደረጋት። ዓመቱን ሙሉ ሲጠፋ የከረመው ኢንተርኔትም ያን ቀን ነበረ። ሄደ።

ትንሽ ቆይቶ መልስ መጣ። «ውድ ግብር ከፋይ፣ የግብር ማስታወቂያዎ ደርሶናል። ግዴታዎን በወቅቱ ስለተወጡ እናመሰግናለን» ይላል። እትዬ ታክታክ «ምን አለ?» አሉኝ። «አባባን አመሰገናቸው» አልኩ። «ሲያንሳቸው ነው» አሉ። ያን ጊዜ ሳቅ መጣብን፤ እንዴት እንደሳቅን አትጠይቂኝ፤ «አታስቂኝ፣ ዓይኔ ይፈነዳል» እያሉ ጠረጴዛውን ይደበድባሉ። ሳቁ ሲያልቅ ነው ፍርሃቱ የመጣው። ከቅጹ ግርጌ ያለው የአሳዋቂዋ ፈቃድ ቁጥር የኔ ነው። በሙት ሰው ስም የሐሰት ማስታወቂያ ልኬያለሁ ማለት ነው፤ ለዚህ ፈቃድ ይቀማል፤ ፈቃዴ ከሄደ ሶፍትዌሩ ርካሽ ሆነ ውድ ምን ይረባኛል? ባለ ፎቶኮፒው ሲሰማ ኩርፊያውን ረስቶ ሮጦ መጣና «ዝም በይ፣ ከስንት ሺህ ሰው መሀል ማን ያየዋል?» አለኝ። ለባለ ግራጫዋ ሴትዮ ደወልኩ። ሕፃኑን እያባበለች «እህቴ፣ ከተላከ ከኔ እጅ ወጥቷል። እነሱ ካገኙት ሌላ ነው፣ አንቺ ከነገርሻቸው ሌላ ነው፤ ዛሬውኑ ሂጂ» አለችኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ኮምፒውተር ደግሞ የሁለቱም ልጅ ነው። ነጠላዬን አደረግሁና ወደ ግብር ቢሮው ሄድኩ።

መስኮት አራት ላይ ያለውን ሰውዬ አታውቂውም፤ አንቺ ከሄድሽ በኋላ ነው የመጣው። ፊቱ ሁልጊዜ ጥርሱን እንደሚያመው ሰው ነው። «ምን ነበር?» አለኝ። «የሞተ ሰው ግብር አሳውቄ መጣሁ» አልኩት። እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ጀምሬ ሁሉንም ነገርኩት፤ ዶሮውን፣ ጣቱን፣ እጀታውን ሳይቀር። አላቋረጠኝም። ከዚያ ኮምፒውተሩን ሲያይ ቆይቶ «አባትሽ ከሞቱ ሦስት ዓመታቸው ነው ትያለሽ፤ ፋይላቸው ክፍት ነው፤ ባለማሳወቅ በየዓመቱ ቅጣት ሲጻፍባቸው ኖሯል። ባለፈው ወር የዳቦ ጋጋሪውን ባልቴት ይዘሽ መጥተሽ የባሏን ፋይል ያዘጋሽላት አንቺ አይደለሽም እንዴ? የአባትሽንስ ለምን አልዘጋሽም?» አለኝ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ። እውነቱን ላንቺ ልንገርሽ። የመዝጊያውን ቅጽ ሁለት ጊዜ ጀምሬዋለሁ፤ «የሟች ስም» የሚለው መስመር ላይ ስደርስ እስክሪብቶው አልሄድ ይለኛል። ያ ቁጥር ክፍት እስከሆነ ድረስ አባባ የሆነ መስኮት ሥር ወረፋ ይዘው የቆሙ፣ ተራቸው ሲደርስ የሚመጡ ይመስለኝ ነበር። ይህን ለመስኮት አራት አላልኩትም። ብቻ የነጠላዬን ጫፍ ሳጥፍ ስዘረጋ ገባው መሰለኝ ወደ ወረቀቱ አቀረቀረ።

ከዚያ የሚሆነውን ነገረኝ። የሞት ማስረጃና የወራሾች ሁሉ ፊርማ ያለበት የመዝጊያ ቅጽ ሲቀርብ የአባባ ፋይል ይዘጋል፣ ቅጣቱም ይሰረዛል፣ የማክሰኞውም ማስታወቂያ አብሮ ይነሳል። እስከዚያ ድረስ ግን የኔ ፈቃድ ታግዷል፤ የማንንም መላክ አልችልም። እስከ ወሩ መጨረሻ ካልቀረበ ጉዳዩ ወደ ላይ ይሄዳል። ልወጣ ስል መልሶ ጠራኝና «በራስሽ እግር ስለመጣሽ ‹ስህተት› ብዬ ነው የምጽፈው፤ ሌላ ሰው አግኝቶት ቢሆን የሚጻፈው ሌላ ነበር» አለኝ። እግዜር ይስጠው። ጥርሱን ያሻልለት።

ቤት ስገባ እትዬ ታክታክ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጠው ይጠብቁኛል፤ ጥፋቱ የጣቴ ነው ብለው ምሳም አልበሉም። የመዝጊያው ቅጽ ግራጫው ውስጥ አለ፤ ከፍተን ጀመርን። እኔ አነባለሁ፣ እሳቸው ይጽፋሉ። ቁጥር፣ አድራሻ፣ የሥራ ዓይነት። «የሟች ስም» የሚለው መስመር ጋ ስደርስ ማንበቤን ትቼ ሰማያዊውን ከረጢት ማጠፍ ጀመርኩ። የጣታቸው ድምፅ ግን አላቆመም። ቀና ስል ጽፈውታል፤ ሟች፣ ከነስማቸው፣ ከነአባት ስማቸው፤ አንዱንም ሳልነግራቸው። «ቀጥዪ» አሉኝ። ቀጠልኩ። ባለ ፎቶኮፒው በነጻ አተመልን፤ ይሄኛው ነጻ እንኳ ምንም ነውር የለበትም።

እንግዲህ አሁን የታጠፈውን ወረቀት ክፈቺው። በእርሳስ ምልክት ያደረግሁበት ሁለት ቦታ አለ፤ ላይኛው የኔ ነው፣ ፈርሜያለሁ። ታችኛው የአንቺ ነው። በሰማያዊ ቀለም ፈርሚ፤ አባባ «ሰማያዊ ዋናውን ከቅጂው ይለያል» ይሉ ነበር። የሞት ማስረጃው እኔ ጋ አለ፤ አንቺ የመታወቂያሽን ቅጂ ጨምሪበት፤ የልብስ ሰፊው ልጅ ወሩ ሳያልቅ ትመለሳለች፣ በእጇ ስጪያት፤ ልጅቱ ጠንቃቃ ናት፣ አባቷ እንዲያውም ቦርሳዋ ውስጥ የተደበቀ ኪስ ሰፍቶላታል። ያኔ ለቀብራቸው ባለመድረስሽ እስከ ዛሬ እንደሚቆጭሽ አውቃለሁ፤ አንድም ቀን አንስቼብሽ አላውቅም፣ አንቺም አንስተሽ አታውቂም። ይኸው አሁን በገዛ እጅሽ አንድ ነገር ታደርጊላቸዋለሽ። እኔም የመጀመሪያዋን መስመር ስፈርም አለቀስኩ፣ ከዚያ ቀለለኝ። ብታለቅሺ ወረቀቱን ራቅ አድርጊው፤ ቀለሙ ከተበተነ መስኮት አራት አይቀበለኝም። ገንዘቡን ለጉልበትሽ መታከሚያ አድርጊው። «እኔ ጋ መጥተሽ ዕረፊ» ያልሽኝንም አልረሳሁትም፤ አርባ አንዱን ልኬ ስጨርስ ለእንግድነት መጥቼ ትንሿን አቅፌ እመለሳለሁ። ለማረፍ ግን ገና ነኝ፤ ገና ሙያዬን ልጀምር ነው።

ለባለቤትሽ ከአንገቴ ጎንበስ ብዬ ሰላም ብያለሁ፤ ሳሉ ካልተዋቸው ማር በሎሚ ይያዙ። ለትልቋ፣ ፈተናዋን በማለፏ እልልታዬ እዚህ ተሰምቷል በያት። ለመሀለኛው፣ ላፕቶፑ በሱ እጅ ሳለ ቁልፎቹ መሀል ያስገባው ብስኩት አሁንም እየወጣ ነው በዪው። ትንሿን ሁለቱን ጉንጯን ሳሚልኝ። አማትሽን እጃቸውን ሳሚልኝ። ጸጉር አስተካካዩ፣ ጎሚስታውና እንቁላል ሻጯ «ትፈርምልን» ብለው ሰላም ብለውሻል፤ ከሰላምታው ይልቅ ልመናው ይበልጣል።

ልጨርስ ስል በሩ ተንኳኳ። እትዬ ታክታክ ናቸው፤ ሹፌሩ ክንዳቸውን ይዘዋቸዋል፣ የዓይናቸው እሽግ ዛሬ ጠዋት ተፈታ። በሬ ላይ ቆመው እኔን ከላይ እስከ ታች አዩና «አንቺ፣ አርጅተሻል እኮ!» አሉኝ። ከዚያ ሶፍትዌሩን ካላየሁ ብለው ተቀመጡ። ግራጫውን ሲያዩ «ይሄ ነው እንዴ? እኔ እኮ ከጣቴ ሥር አበባ ያለበት መስሎኝ ነበር» አሉ። ትንሽ ልጻፍ ብለው ሲሞክሩ በየመስመሩ ይስታሉ፤ ዓይናቸው ጣታቸውን እያየ ያሳስተዋል። ተናደዱና ሻሻቸውን አውርደው ዓይናቸው ላይ አሰሩት፤ ወዲያው የቁልፉ ድምፅ ዝናብ እንደሚወርድ ሆነ። ሹፌሩ «ታዲያ ለምን አሳከምኩሽ?» አሏቸው። «ሾርባህን አይቼ እንድበላ ነዋ» አሏቸው። በመጨረሻ ሻሻቸውን ፈቱና «ያን የአባታችሁን ወረቀት አሳዪኝ፣ ሳላይ የጻፍኩት ነው» አሉኝ። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግተው በአዲሱ ዓይናቸው ከላይ ወደ ታች አነበቡት፤ ከዚያ ከአባባ መቼ እንደለመዱት እንጃ፣ ከታች ወደ ላይ ደገሙት። አጥፈው ሲመልሱልኝ «አልተሳሳትኩም። ለእህትሽ ጻፊላት፤ ንጹሕ ነው፣ ትፈርም በያት» አሉኝ።

ታናሽ እህትሽ፤
ከድሮው ቤታችን፣ ከመስኮቱ ሥር ካለው ጠረጴዛ፣
ሐምሌ 9 ቀን፣ ከሰዓት በኋላ